የቤት ማሞቂያ ወጪን ለመቀነስ፦ መጀመሪያ ሽንቁሩን፣ ቀጥሎ ማሞቂያውን

ብርድ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ደጋግሞ ይደርሰኛል፤ «ወጪ እንዲቀንስልኝ የትኛውን ማሞቂያ ልግዛ?» የሚል። ጠያቂዎቹ ቢለያዩም ችግራቸው አንድ ነው፤ ማሞቂያው ቀኑን ሙሉ ይሠራል፣ ሒሳቡ ይከብዳል፣ እግር ግን አሁንም ይቀዘቅዛል። ለየብቻ ስመልስ የቆየሁትን እዚህ አንድ ላይ ጽፌዋለሁ። ማሞቂያ ከመግዛትዎ በፊት ቤትዎ ሙቀቱን በየት በኩል እንደሚያጣ ይፈልጉ። እንስራው እያፈሰ ውኃ የሚቀዳ ሰው ምንም ቢመላለስ አይሞላለትም።

ደረጃዎቹን በቅደም ተከተላቸው ይሥሩ። መለካት ይቀድማል፤ ከዚያ ሽንቁር መድፈን፣ ከዚያ መስኮትና ወለልን ማልበስ፣ ማሞቂያውን ማስተካከል የሚመጣው ከእነዚህ በኋላ ነው። ነፋስ በሚገባበት ክፍል ውስጥ ቴርሞስታቱን (የማሞቂያውን ሙቀት መቆጣጠሪያ) ዛሬ ዝቅ ቢያደርጉት ነገ መልሰው ከፍ ማድረግዎ አይቀርም።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች

- ቴርሞሜትር (ሁለት ቢሆን ይመረጣል፤ አንዱ ለሚቀመጡበት፣ አንዱ ለሚተኙበት ክፍል)
- ማስታወሻ ደብተር፣ እስክሪብቶና ሜትር
- ጭሱ ቀጭን የሆነ አንድ የዕጣን ዘንግ
- ተለጣፊ የስፖንጅ ወይም የጎማ ማሸጊያ
- ሲሊኮን (ክፍተት መድፈኛ) ከነመግፊያው
- በበር ሥር የሚታሰር ብሩሽ ወይም ከአሮጌ ልብስ የተሠራ የጨርቅ ጥቅል
- ለመስኮት የሚሆን ግልጽ ፕላስቲክ፣ ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያ ፕላስተርና የፀጉር ማድረቂያ
- ወፍራም መጋረጃና ምንጣፍ
- ራዲያተር (ሙቅ ውኃ የሚዞርበት የቤት ማሞቂያ) ካለዎት የአየር ማስተንፈሻ መፍቻ፣ ጨርቅና ትንሽ ዕቃ
- ጋዝ፣ እንጨት ወይም ሌላ ነዳጅ የሚያነድ ማሞቂያ ካለዎት የካርቦን ሞኖክሳይድ ማንቂያ

ሁሉንም በአንድ ቀን መግዛት አያስፈልግም። የመጀመሪያዎቹን ሦስት መስመሮች ይዘው ይጀምሩ፤ ሌላው የሚገዛው ሁለተኛውን ደረጃ ጨርሰው ምን እንደጎደለ ካዩ በኋላ ነው።

ከመጀመርዎ በፊት የሚነበብ ማስጠንቀቂያ

ይህን ክፍል ዘልለው እንዳያልፉ እለምናለሁ። ከሰል፣ እንጨት፣ ጋዝና ኬሮሲን ሲነዱ ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ይወጣቸዋል። ቀለም የለውም፣ አይሸትም፣ አይቆጠቁጥም። ሰው ራሱን ያመዋል፣ ያዞረዋል፣ ያቅለሸልሸዋል፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ይለዋል፤ ከዚያም ሳይነቃ ሊሞት ይችላል። በቤቱ ያሉ ሰዎች ሁሉ በአንድ ጊዜ ራስ ምታት ከያዛቸውና ደጅ ሲወጡ ከተሻላቸው ጉንፋን ነው ብለው አይለፉት፤ ሁሉንም ይዘው ይውጡና የሕክምና እርዳታ ይጥሩ።

ስለዚህ፦

- ለማሞቅ ብለው የከሰል ምድጃ ቤት ውስጥ አያስገቡ። ፍሙ ጭስ ስለሌለው ደኅና ይመስላል፤ ጋዙ የሚወጣው ግን ከዚያው ከፍሙ ነው። መስኮት ትንሽ ገርበብ ማድረግም አያድንም።
- ነዳጅ የሚያነድ ማሞቂያ ባለበት ክፍል ሆን ተብሎ የተሠራውን የአየር ማስገቢያ በፍጹም አይድፈኑ። ከዚህ በታች «ሽንቁር» ስል ይህን ማለቴ አይደለም።
- የኤሌክትሪክ ማሞቂያን ከመጋረጃ፣ ከአልጋና ከወረቀት ቢያንስ 1 ሜትር ያርቁ፤ ልብስ አያስጡበት፤ ተኝተው ሳለ አይተዉት።
- ማሞቂያውን በቀጥታ ግድግዳው ላይ ካለው ሶኬት ይሰኩ። 2000 ዋት ማሞቂያ በ220 ቮልት 9 አምፔር ያህል ይስባል። ቀጭን ማራዘሚያ ይህን ለሰዓታት ሲሸከም ይግላል፣ ፕላስቲኩም ይቀልጣል።

ደረጃ 1፦ አሁን የሚያወጡትን ይለኩ

ለሰባት ቀናት በአንድ ዓይነት ሰዓት ቆጣሪውን እያነበቡ ይጻፉ። ከጎኑ የዕለቱን የውጭ ሙቀትና ማሞቂያው ስንት ሰዓት እንደሠራ ይመዝግቡ። ይህ ቁጥር ከሌለዎት በኋላ ያደረጉት ነገር መጥቀሙን አለመጥቀሙን በግምት ብቻ ነው የሚያውቁት።

የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ስንት እንደሚበላ ለማወቅ ዋቱን ለ1000 ያካፍሉና በሠራበት ሰዓት ያባዙ። 2000 ዋት ማሞቂያ በቀን 5 ሰዓት ቢሠራ 10 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በ30 ቀን 300። ይህን በአካባቢዎ ታሪፍ ያባዙት። ቴርሞስታት ያለው ማሞቂያ እየበራና እየጠፋ ስለሚሠራ ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ ትክክለኛውን የሚነግርዎ ቆጣሪው ነው።

ደረጃ 2፦ ብርዱ የሚገባበትን ይፈልጉ

ከሁሉም በላይ ጊዜ ሰጥተው እንዲሠሩት የምመክረው ይህን ነው። ነፋስ ያለበትን ቀዝቃዛ ቀን ይምረጡ። መስኮትና በር ሁሉ ይዝጉ፤ ማሞቂያና ማራገቢያ ያጥፉ። አየር ወደ ውጭ የሚስብ የኩሽና ወይም የመታጠቢያ ቤት ማራገቢያ ካለዎት ግን ያብሩት፤ ቤቱ አየር ሲጎድለው በየሽንቁሩ ከውጭ ስለሚስብ ትንሹም ቀዳዳ ይጋለጣል። በቤቱ ውስጥ የሚነድ እሳት ወይም ጋዝ ካለ ይህን አያድርጉ፤ ጭሱን ወደ ውስጥ ሊመልሰው ይችላል።

አሁን የዕጣን ዘንጉን ይለኩሱና በቀስታ ይዙሩ፤ መጋረጃዎቹን አስቀድመው ወደ ጎን ይሰብስቡ። ጭሱ ቀጥ ብሎ ከወጣ ደኅና ነው፤ ከተንቀጠቀጠ ወይም ከተጋደመ እዚያ ሽንቁር አለ። ዕጣን ከሌለ እጅዎን በውኃ አርጥበው ያስጠጉ፤ እርጥብ ቆዳ ትንሿን ነፋስ ይለያል። የሚፈተሹት ቦታዎች፦

- የበር ሥር፣ መቃኑና የማጠፊያው ጎን
- የመስኮት መዝጊያዎች የሚገናኙበት መስመር፣ ፍሬሙ ከግድግዳ ጋር የሚገጥምበት ጠርዝ
- የውኃ ቧንቧና የኤሌክትሪክ ገመድ ግድግዳ ሰብረው የሚያልፉበት ቀዳዳ
- ከውጭ ጋር በሚዋሰን ግድግዳ ላይ ያሉ ሶኬቶች
- ወለልና ግድግዳ የሚገናኙበት ጥግ
- ከኮርኒሱ በላይ የሚወጣበት መክፈቻ

የመጨረሻውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ሞቃት አየር ቀላል ስለሆነ ሽቅብ ይወጣል፤ በኮርኒስ በኩል ባመለጠ ቁጥር በምትኩ ቀዝቃዛ አየር ከታች በበር ሥር ይገባል። እግርዎ ሥር የሚሰማዎት ብርድ መነሻው ከራስዎ በላይ ሊሆን ይችላል ማለት ነው።

አንድ ክፍል ውስጥ ወደ ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ጊዜ መስኮት ስፈትሽ ቆይቼ አውቃለሁ። ጭሱ መስኮቱ ፊት እንደ ክር ቀጥ ብሎ ወጣ። ተስፋ ቆርጬ ከእቃ ማጠቢያው ሥር ያለውን ቁምሳጥን ስከፍት ጭሱ ድንገት ተጋደመና ፊቴ ላይ መጣ። ቧንቧው በግድግዳው የሚያልፍበት ቀዳዳ ከቧንቧው በአውራ ጣት ያህል ይሰፋ ነበር፤ ከኋላው የደጁ አየር ነው። የቁምሳጥኑ በር ስለሚዘጋ ማንም አላየውም፤ ነፋሱ ግን በሥሩ እየሾለከ ወለሉን ያቀዘቅዝ ነበር። ስለዚህ የተዘጋውን ሁሉ እየከፈቱ ይፈትሹ።

የመስኮት ማሸጊያ መላላቱን ለማወቅ ወረቀት መሀል አስገብተው መስኮቱን ይዝጉበት። ወረቀቱ ሲጎትቱት ያለ ምንም ትግል ከወጣ ማሸጊያው አይዝም። ከታች፣ ከላይና ከጎን ይሞክሩት።

ክፍተት ሲያዩ «ይህች ምን ታደርጋለች» አይበሉ። 90 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው በር ሥሩ 3 ሚሊሜትር ብቻ ክፍተት ቢኖረው 27 ካሬ ሴንቲሜትር ይሆናል። ግድግዳዎ ላይ 5 በ5 ሴንቲሜትር የሆነ ቀዳዳ ተበስቶ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ዕለት ይደፍኑት ነበር።

ደረጃ 3፦ ሽንቁሩን ይድፈኑ

ሕጉ ቀላል ነው። የሚንቀሳቀስ ነገር (በር፣ የሚከፈት መስኮት) በስፖንጅ ወይም በጎማ ይታሸጋል፤ የማይንቀሳቀስ (የግድግዳ ስንጥቅ፣ የቧንቧ ዙሪያ፣ የፍሬም ጠርዝ) በሲሊኮን ይደፈናል።

1. የክፍተቱን ውፍረት ይለኩ። ትንሽ የልጆች መጫወቻ ጭቃ በላስቲክ ጠቅልለው ክፍተቱ ላይ ያድርጉና መስኮቱን ይዝጉበት፤ ሲከፍቱት የተጨፈለቀው ውፍረት የሚገዙትን የማሸጊያ ልክ ይነግርዎታል። እኔ በዓይን ገምቼ ወፍራም ማሸጊያ ለጥፌ መቀርቀሪያው አልገጥም ስላለኝ ሁሉንም ልጬ እንደገና ሠርቻለሁ።
2. ፍሬሙን በሳሙና ውኃ ያጥቡ፣ ከዚያ በአልኮል ይጥረጉና በደንብ ይድረቅ። በአቧራና በቅባት ላይ የተለጠፈ ማሸጊያ ሳይውል ሳያድር ይላጣል።
3. ማሸጊያውን ሳይለጥጡ ይለጥፉ። ተለጥጦ የተለጠፈ ጎማ ቆይቶ ይሰበሰብና ጥጉን ክፍት ይተወዋል።
4. ለበር ሥር ብሩሹን በብሎን ይግጠሙ፤ ጫፉ ወለሉን ነካ የሚያደርግ እንጂ የሚፋተግ አይሁን። ቤቱ የኪራይ ከሆነና መብሳት ካልተፈቀደ የጨርቅ ጥቅል ይበቃል። ጥቅሉ ከበሩ ስፋት ጥቂት ይርዘምና ከበድ ይበል፤ ቀላል ከሆነ ነፋሱ ይገፋዋል።
5. በቧንቧ ዙሪያ ያለው ቀዳዳ ሰፊ ከሆነ መጀመሪያ በስፖንጅ ሞልተው ላዩን በሲሊኮን ይዝጉ።

ሶኬት ዙሪያ ነፋስ ካለ ራስዎ ሲሊኮን አያስገቡበት። ኤሌክትሪክ ባለሙያ ይሥራው።

ደረጃ 4፦ መስኮቱን ያልብሱ

አንድ መስታወት ብቻ ያለው መስኮት ሙቀትን በቀላሉ ያሳልፋል። ሙቀትን የሚያግደው መስታወቱ ሳይሆን የቆመ አየር ነው፤ ባለ ሁለት መስታወት መስኮት የሚሻለውም በመሀሉ ስለተያዘው አየር ወይም ጋዝ ነው። ይህንኑ በፕላስቲክ በርካሽ ማድረግ ይቻላል።

በመስኮቱ ፍሬም ዙሪያ ባለ ሁለት ገጽ ማጣበቂያውን ይለጥፉ። ፕላስቲኩን ከፍሬሙ በየጎኑ 3 ሴንቲሜትር ያህል አስተርፈው ይቁረጡ፤ ከላይ ጀምረው ወደ ታች እየወጠሩ ይለጥፉት። ከዚያ በፀጉር ማድረቂያ ከጥግ ወደ መሀል በቀስታ ያሙቁት፤ የተጨማደደው ይወጠርና መስታወት ይመስላል። ማድረቂያውን አንድ ቦታ አያቁሙት፤ ፕላስቲኩ ይበሳል። በመስታወቱና በፕላስቲኩ መካከል ከ1 እስከ 2 ሴንቲሜትር አየር ቢኖር ጥሩ ነው። ከጥቂት ቀን በኋላ ፕላስቲኩ ከነፋሱ ጋር ካበጠና ከጎደጎደ የሆነ ጠርዝ ላይ ተላጧል፤ ፈልገው መልሰው ይለጥፉት። ለእሳት አደጋ መውጫ የሚሆነውን መስኮት ግን በዚህ አይሸፍኑት።

መጋረጃን በተመለከተ፦ ፀሐይ የሚመታውን መስኮት ቀን ይክፈቱ፣ ልክ ፀሐይ ስትጠልቅ ይዝጉ። ወፍራሙ መጋረጃ እስከ ወለል ወይም እስከ መስኮቱ ደፍ ይድረስ፤ አጭር ከሆነ መስታወቱ ያቀዘቀዘው አየር በሥሩ ወርዶ ወደ ክፍሉ ይፈስሳል። ራዲያተሩ ከመስኮቱ ሥር ከሆነ መጋረጃው ራዲያተሩን መሸፈን የለበትም፤ ከሸፈነው የሚያሞቁት መስኮቱን ነው።

ደረጃ 5፦ ወለልና ኮርኒስ

ባዶ ሲሚንቶ ወይም ሸክላ ወለል ላይ ምንጣፍ ያንጥፉ፤ በተለይ ቁጭ በሚሉበትና ከአልጋ በሚወርዱበት በኩል። ክፍሉን ብዙ ባያሞቀውም የእግር ቅዝቃዜ ሲቀር ሰው ማሞቂያ ከፍ የማድረግ ፍላጎቱ ይቀንሳል።

ቤቱ የራስዎ ከሆነና ከኮርኒሱ በላይ ባዶ ቦታ ካለ ግን ትልቁ ጥቅም ያለው እዚያ ነው። ሙቀት እንዳያመልጥ የሚያግድ የመስታወት ወይም የድንጋይ ሱፍ ይነጠፍበት። ሱፉን አያጭቁት፤ የሚሠራው በመሀሉ በያዘው አየር ስለሆነ ሲጨፈለቅ ዋጋ ያጣል። ጓንት፣ የአፍ መሸፈኛና መነጽር አድርገው ይሥሩ። መክፈቻውንም በላዩ ሱፍ፣ በጠርዙ ስፖንጅ ያድርጉለት።

ደረጃ 6፦ ቴርሞስታቱን በልኩ ያድርጉ

ቤት ሙቀት የሚያጣው በውስጥና በውጭ ሙቀት ልዩነት ልክ ነው። ውጭው 5 ዲግሪ፣ ውስጡ 20 ዲግሪ ሴልሺየስ ቢሆን ልዩነቱ 15 ነው። ውስጡን 19 ቢያደርጉት ልዩነቱ 14 ይሆናል፤ የሚጠፋው ሙቀት 7 በመቶ ያህል ቀነሰ። አንዲት ዲግሪ ብቻ ናት።

በአንዴ ብዙ አይቀንሱ። በሳምንት 1 ዲግሪ እየቀነሱ፣ ሹራብና ካልሲ እየጨመሩ፣ የሚመችዎትን ዝቅተኛ ልክ ይፈልጉ። የዓለም ጤና ድርጅት በብርድ ወቅት ለቤት ውስጥ የሚመክረው ዝቅተኛ ልክ 18 ዲግሪ ነው። ሕፃን፣ አረጋዊ ወይም ሕመምተኛ ባለበት ቤት ከዚያ ከፍ ማለት አለበት፤ በእነርሱ ላይ ቁጠባ አይሞከርም። ቴርሞሜትሩን በደረት ቁመት፣ ከማሞቂያውና ከፀሐይ ርቆ ያስቀምጡ፤ አለዚያ የሚያነቡት የማሞቂያውን ሙቀት ነው።

ከቤት ሲወጡና ሲተኙ ዝቅ ያድርጉት። «ቤቱ ከቀዘቀዘ በኋላ መልሶ ማሞቅ የበለጠ ይበላል» የሚባለው ለተራ ማሞቂያ ትክክል አይደለም፤ ቤቱ በቀዘቀዘባቸው ሰዓታት ሁሉ የሚያጣው ሙቀት ያነሰ ነው። በማሞቂያነትም የሚሠራ ኤር ኮንዲሽነር ሲሆን ግን ልዩነቱን ጠበብ ያድርጉት፤ አንዳንዶቹ በአንዴ ብዙ ሲጠየቁ ተጨማሪ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይቀሰቅሳሉ።

ደረጃ 7፦ ከቤቱ ይልቅ ሰውየውን ያሙቁ

ብቻዎን ቁጭ ብለው የሚሠሩ ከሆነ ቤቱን ሁሉ ማሞቅ አያስፈልግም። የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ የሚበላው ብዙ ጊዜ 100 ዋት ገደማ ነው፤ 2000 ዋት ማሞቂያ በአንድ ሰዓት የሚበላው ለብርድ ልብሱ 20 ሰዓት ይበቃዋል። ብርድ ልብሱን አያጣጥፉት፣ ገመዱ የተላጠ ከሆነ አይጠቀሙበት። የጎማ የሙቅ ውኃ መያዣም ያገለግላል፤ የፈላ ውኃ አይጨምሩበት፣ ሁለት ሦስተኛውን ብቻ ሞልተው አየሩን አስወጥተው ይክደኑት።

ደረጃ 8፦ ማሞቂያውን ይንከባከቡ

ኤሌክትሪክ በሽቦ አግሎ የሚያሞቅ ከሆነ ውድም ይሁን ርካሽ፣ በዘይትም ይሁን በማራገቢያ፣ 1 ኪሎዋት ሰዓት በልቶ የሚሰጠው ሙቀት ያው ነው። «ግማሽ ኤሌክትሪክ ብቻ ይበላል» ተብሎ የሚሸጥ እንዲህ ዓይነት ማሞቂያ የሚሰጠውም ሙቀት ግማሽ ነው። የተለየው በማሞቂያነት የሚሠራው ኤር ኮንዲሽነር ነው፤ ሙቀቱን ከውጭ አየር ቀድቶ ስለሚያስገባ ከሚበላው ኤሌክትሪክ ሁለትና ሦስት እጥፍ፣ አንዳንዴም የበለጠ ሙቀት ይሰጣል። ማጣሪያው በአቧራ ሲዘጋ ግን ይህ ጥቅም ስለሚቀንስ በየወሩ ያጽዱት።

ራዲያተር ከታች ሞቆ ከላይ ከቀዘቀዘ ውስጡ አየር ታስሯል። ማሞቂያውን አጥፍተው እስኪቀዘቅዝ ይጠብቁ፤ ጨርቅና ዕቃ ይዘው ከላይ ጥጉ ላይ ያለችውን ቁልፍ በመፍቻው ወደ ግራ በቀስታ ያላሏት። አየሩ እየፏጨ ይወጣል፤ ውኃ መምጣት ሲጀምር ወዲያው ይዝጉ። ከዚያ የቦይለሩን (ውኃውን የሚያሞቀውን መሣሪያ) ግፊት ይዩ፤ በቀዝቃዛነቱ ብዙውን ጊዜ ከ1 እስከ 1.5 ባር መሆን አለበት። ሶፋ ራዲያተሩን ተጠግቶ ከሆነ ያርቁት።

እንጨት የሚያነዱ ከሆነ ደረቅ እንጨት ብቻ ይጠቀሙ። በእንጨቱ ውስጥ ያለውን አንድ ሊትር ውኃ አሙቆ ለማትነን 0.7 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይጠፋል፤ ሊያሞቅዎ የሚገባው ሙቀት በጭስ ማውጫው ይሄዳል፣ ጥላሸቱም ይከማቻል። ጭስ ማውጫው በዓመት አንድ ጊዜ ይጸዳ።

ደረጃ 9፦ አየር ይቀይሩ፣ ግን ባጭሩ

የታሸገ ቤት እርጥበት ይይዛል፤ መስታወቱ ያልበዋል፣ ጥጉ ይሻግታል። መፍትሔው መስኮት ቀኑን ሙሉ ገርበብ ማድረግ አይደለም። ማሞቂያውን አጥፍተው ፊት ለፊት ያሉትን መስኮቶች ከ5 እስከ 10 ደቂቃ ወለል አድርገው ይክፈቱና ይዝጉ፤ በቀን ሁለት ጊዜ።

ይህ ለምን እንደማያባክን ስሌቱ ያሳያል። 4 በ4 ሜትር ስፋትና 2.5 ሜትር ቁመት ያለው ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያን አየር በሙሉ ቀይረው እንደገና በ15 ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው 0.2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ነው፤ ለ2000 ዋት ማሞቂያ የ6 ደቂቃ ሥራ። አብዛኛው ሙቀት ያለው በግድግዳውና በዕቃው ውስጥ ነው፤ በአጭር ጊዜ ውስጥ አይቀዘቅዝም። መስኮት ለሰዓታት ገርበብ ሲል ግን ግድግዳው ራሱ ይቀዘቅዛል።

በቤት ውስጥ ልብስ ካሰጡ በር ዘግተው በአንድ ክፍል ብቻ ያድርጉትና ያንን ክፍል ያናፍሱ። ቁምሳጥንን ከውጭ ግድግዳ ቢያንስ 5 ሴንቲሜትር ያርቁ።

ደረጃ 10፦ እንደገና ይለኩ

በደረጃ 1 እንዳደረጉት ሰባት ቀን ቆጣሪውን ያንብቡ። የውጭ ሙቀቱ ከቀድሞው ሳምንት ጋር የሚቀራረብበትን ሳምንት ይምረጡ፤ ለስለስ ያለ ሳምንት ከመረጡ የአየሩን ጸባይ የራስዎ ሥራ ውጤት አድርገው ይቆጥሩታል። ልዩነት ካላዩ ወደ ደረጃ 2 ይመለሱና ያልፈተሹትን ጥግ ይፈልጉ፤ በእኔ ልምድ የሚቀረው አብዛኛውን ጊዜ የኮርኒሱ መክፈቻ ወይም የቧንቧ ቀዳዳ ነው።

በተደጋጋሚ የማያቸው ስሕተቶች

- ቶሎ እንዲሞቅ ብሎ ቴርሞስታቱን 30 ላይ ማድረግ። ክፍሉ በዚያው ፍጥነት ነው የሚሞቀው፤ ልዩነቱ 20 ላይ ሲደርስ አለመቆሙ ነው።
- የማይጠቀሙበትን ክፍል ማሞቂያውን ሙሉ በሙሉ ዘግቶ በሩን ክፍት መተው። ከሞቀው ክፍል የሄደው እርጥብ አየር እዚያ ቀዝቃዛ ግድግዳ ላይ ውኃ ይሆንና ሻጋታ ያወጣል። በሩን ይዝጉ፣ ማሞቂያውን ዝቅተኛው ላይ ይተዉ።
- የሚከፈት መስኮትን በሲሊኮን ማጣበቅ። አደጋ ቢመጣ አይከፈትም።
- የውኃ ማሞቂያ በርሜልን ለቁጠባ ብሎ ከ60 ዲግሪ በታች ማውረድ። ሌጂዮኔላ የተባለው ባክቴሪያ ለብ ባለ ውኃ ውስጥ ይራባል። እዚህ ላይ መቆጠብ ከፈለጉ የሙቅ ውኃ ቧንቧዎቹን በስፖንጅ ሽፋን ያልብሱ።
- አሉሚኒየም ፎይልን በሁሉም ራዲያተር ጀርባ መለጠፍ። የሚጠቅመው ከውጭ በሚዋሰን ግድግዳ ላይ ላለው ብቻ ነው፤ የሚያብረቀርቀው ገጽ ወደ ራዲያተሩ ይዙር። በሁለት ክፍሎች መካከል ባለ ግድግዳ ላይ ቢለጥፉት የሚያግዱት ሙቀት ወደ ቀጣዩ ክፍልዎ የሚሄደውን ነው።